የጸሐፊዎችና የሒሳብ ሠራተኞች የአንገት ሕመም

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾና በሾኔ ከተሞች ባሉት የንግድ ቤቶች ሰኔ 30 ቀን የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የዕቃ ቆጠራውና የግብር ሒሳቡ ሥራ ይበረታል። በዚህ ወራት ኩንታል ከሚያነሣው ወዛደር ይልቅ ከብዕር በቀር ምንም የማያነሣው ጸሐፊ «አንገቴን፤ ትከሻዬን» ሲል ይሰማል። ነገሩ የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው።

የሰው ራስ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ራስ ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደቱ በአንገት አጥንት ላይ ያርፋል፤ ወደ መዝገብ፣ ወደ ኮምፒዩተር ወይም ወደ ስልክ ሲያዘነብል ግን ሸክሙን የሚይዘው የማጅራት ጡንቻ ነው። 5 ኪሎ ስንዴ በደረቱ አስጠግቶ የሚይዝና ክንዱን ዘርግቶ የሚይዝ ሰው ድካማቸው እኩል አይደለም። የአንገትም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ሳይነቃነቁ በተቀመጡ መጠን ሕመሙ ይጠናል።

ብዙዎች ሲያማቸው አንገታቸውን ጠቅልለው መተኛትን ይመርጣሉ። ነገር ግን በፊንላንድ አገር የአንገት ሕመም በጸናባቸው 180 ሴት የቢሮ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ አንድ ዓመት ሙሉ አንገትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የሠሩት ከሌሎቹ ይልቅ ሕመማቸው እንደ ተቃለለላቸው አሳይቷል።

ያለ መሣሪያ በወንበር ላይ ሊሠሩ የሚችሉት እንቅስቃሴዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ፊትን ቀጥ አድርጎ አገጭን ወደ ኋላ መሳብ፤ 5 ሴኮንድ ቆይቶ መልቀቅ፤ ይህን 10 ጊዜ መደጋገም።

ሁለተኛ፤ ሁለቱን የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላ አቀራርቦ 5 ሴኮንድ ማቆየት፤ 10 ጊዜ።

ሦስተኛ፤ መዳፍን በግንባር ላይ አድርጎ ራስ ሳይነቃነቅ መዳፉን በቀስታ መግፋት፤ እንዲሁ በቀኝ፣ በግራና በማጅራት በኩል።

አራተኛ፤ ጆሮን ወደ ትከሻ አዘንብሎ በየወገኑ 20 ሴኮንድ መቆየት።

እንቅስቃሴው ሕመሙን የሚያብስ ከሆነ መተው ይገባል። አንገትን በድንገት ጠምዝዞ ማስጮህ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊጎዳ ይችላልና። እጅ የደነዘዘበት ወይም የዛለበት፣ ትኩሳት ያለበት፣ አረማመዱ የተበላሸ ወይም ከመውደቅና ከመኪና አደጋ በኋላ ያመመው ሰው ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ በሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ በዱራሜም ሆስፒታል አለ።

የንግድ ቤቱ ባለቤት ድርሻም አለበት። መዝገቡንና ኮምፒዩተሩን ወደ ዓይን ትክክል ከፍ ማድረግ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ማቅረብ፣ በየሰዓቱም 3 ደቂቃ ተነሥቶ መንቀሳቀስን መፍቀድ ይገባዋል። ይህ በ8 ሰዓት ሥራ 24 ደቂቃ ብቻ ነው። ጸሐፊው ታሞ አንድ ቀን ቢቀር የሚታጣው ግን 480 ደቂቃ ነው፤ በሕመም ተይዞ የሚደምረው ሒሳብ ቢሳሳት ደግሞ ኪሳራው ከዚያ ይበልጣል። ትርፍና ኪሳራን ለሚያመዛዝን ነጋዴ ስሌቱ አስቸጋሪ አይሆንም።