የአስም ተጋላጭነትና 17ኛው ክሮሞዞም

አስም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም ከታወቀ ቆይቷል። ሆኖም በሽታውን ብቻውን የሚያመጣ አንድ ዘረመል የለም፤ በርካታ ዘረመሎች ጥቂት ጥቂት ድርሻ አላቸው።

ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሳበው በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በልጅነታቸው አስም የጀመራቸውን 994 ሕሙማን በሽታው ከሌለባቸው 1,243 ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ክፍሉን ከበሽታው ጋር አያይዞታል። ተጋላጭነቱ ጎልቶ የታየው ግን በሕፃንነታቸው ጉንፋን አምጪ በሆነው ራይኖ ቫይረስ ተይዘው ትንፋሻቸው ሲር ሲር ይል በነበሩ ልጆች ላይ ነው። በአንጻሩ በአውሮፓ ገጠር ከከብት በረት ሳይርቁ ያደጉ ሕፃናት፣ ያንኑ አጋላጭ ዓይነት ይዘውም፣ ከዚህ ምልክት በተሻለ ተጠብቀው ተገኝተዋል።

ግኝቱን ወደ አፍሪካ ማሻገር ጥንቃቄ ይሻል። አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው፣ በተለይም በአፍሪካ አሜሪካውያን ዘንድ፣ ግንኙነቱ ደከም ያለ ነው፤ ስለዚህ ከአውሮፓውያን መረጃ የተሰላ መለኪያ ለኢትዮጵያዊ ሕፃን እንዳለ ሊወሰድ አይገባም። ልዩነቱ ግን ለተመራማሪዎች ጠቅሟል። በአውሮፓውያን ዘንድ ተጎራባች ዘረመሎች ተያይዘው ስለሚወረሱ አጋላጩን ነጥሎ ማውጣት አዳጋች ነበር፤ አፍሪካዊ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ትስስሩ አጠር ስለሚል፣ ጥርጣሬው ጋስደርሚን ቢ የተባለውን ፕሮቲን ወደሚያስገኘው ዘረመል አጋድሏል።