በረዶውን ከመኪናችን ላይ እንዴት እናንሳ?

በሚኒያፖሊስ፣ በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም የምትኖሩ ወገኖቻችን በብርድ ወራት ማለዳ መኪናችሁን በረዶ ለብሳ ታገኟታላችሁ።

ከሁሉ በፊት የጭስ ማውጫውን ጫፍ ከበረዶ አጽዱ። ተደፍኖ ሳለ ሞተሩ ከተነሳ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ውስጥ የተቀመጡ ልጆችን ሊገድል ይችላል። ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ አዙሩ።

ከጣራው ጀምራችሁ በረዶውን በስፖንጅ መግፊያ ወደ ታች ግፉት እንጂ አትፈትጉት። በውስጡ ያለው አሸዋ እንደ አናጢ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይጭራል፤ በተጫረው በኩል የመንገድ ጨው ገብቶ ብረቱን ያዝጋል። የቀረውን ስስ ሽፋን እስኪቀልጥ ተዉት። የፕላስቲክ መፋቂያ ለመስታወት ብቻ ነው፤ የፈላ ውሃ ግን መስታወቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ጣራውን ሳትጨርሱ አትንዱ። የሚወድቀው በረዶ ከኋላ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይጋርዳል፤ እርሱም በእናንተ ላይ ሐቅ አለው።