አይጥ ያዳነ የቁንጭር ቅባት ሰውን ያድናል?

ቁንጭር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ በጥገኛ ተህዋስያን የሚመጣ የቆዳ በሽታ ነው። አዲስ ቅባት መጀመሪያ በአይጦች ላይ ይሞከራል፤ ከፊሎቹ መድኃኒቱን፣ ከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበትን ባዶ ቅባት ይቀባሉ።

ማነጻጸሩ ለምን ያስፈልጋል?

ቁስሉ በራሱ ጊዜም ሊድን ስለሚችል ነው። ቱኒዚያ ውስጥ በሰዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ የፓሮሞማይሲን ቅባት ከተቀቡት 82 በመቶዎቹ ሲድኑ ባዶውን ከተቀቡትም 58 በመቶዎቹ ድነዋል።

ለእኛስ?

በአገራችን በብዛት ቁንጭር የሚያመጣው ዝርያ ከቱኒዚያው የተለየ ነው፤ የተለመዱትን የቤተ ሙከራ አይጦችም በቀላሉ አያቆስልም። ስለዚህ የዚያ ውጤት ለእኛ ዋስትና አይሆንም።

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነና ፊትዎ ላይ ለሳምንታት ያልዳነ ቁስል ካለ፣ የከብት መድኃኒት አይቀቡ። ጠባሳው ሳይሰፋ ይመርመሩ፤ ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቁንጭር ሕክምና ይሰጣል።