የተደበቀው ፋይል፦ ኢንተርሴክስ ሰዎች በመጻሕፍት ውስጥ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1988 የካናዳዋ ካልጋሪ የክረምት ኦሊምፒክን ስታስተናግድ ሴት ተወዳዳሪዎች በረዶው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሴትነታቸውን ማስመስከር ነበረባቸው። ቀደም ብሎ የተሰጣቸው ምስክር ወረቀት ካለ እሱን ያሳያሉ፤ ከሌላቸው የጉንጫቸው ውስጠኛ ክፍል ይፋቅና የወጣው ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የሚፈለገው አንዲት ጥቁር ነጥብ ናት። ሁለት ኤክስ ክሮሞሶም ባለው ሰው ሕዋስ ውስጥ ትታያለች፤ ከታየች ወረቀቱ ይሰጣል፣ ካልታየች ጣጣው ይጀምራል። ነጥቧን ከተማሪው ጋር ሆኖ በ1949 ያገኛት መሪ ባር የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪ ሲሆን፣ ያኔ የሚያጠናው የድመት ነርቭ ነበር። ግኝቱ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ሴት አትሌቶችን ማጣሪያ ሆነ።

ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ የተባለችው ስፔናዊት የመሰናክል ሯጭ ይህን ማጣሪያ በደንብ ታውቀዋለች። በ1985 ለዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ ወደ ጃፓኗ ኮቤ ስትሄድ ወረቀቷን ቤቷ ረስታ ኖሮ እንደገና ተመረመረች። ነጥቧ የለችም። ክሮሞሶሟ ኤክስ ዋይ ነው፤ ሰውነቷ ግን ለቴስቶስትሮን ምላሽ ስለማይሰጥ ከልጅነቷ ጀምሮ ሴት ሆና ነው ያደገችው። እንደተጎዳች አስመስላ ከውድድሩ እንድትወጣ ተነገራት፤ ወጣች። በተከታዩ ዓመት ግን እምቢ ብላ በአገሯ ሻምፒዮና ሮጠች፤ ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ማዕረጓን፣ የነፃ ትምህርት ዕድሏን፣ እጮኛዋንም አጣች። የመወዳደር መብቷ የተመለሰላት የካልጋሪው ኦሊምፒክ ባለፈ በወራት ውስጥ ነው። በ2005 ይህን ሁሉ ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በራሷ ብዕር አሰፈረችው። ምሬቷን አታበዛም፤ የሆነውን በቅደም ተከተል ትናገራለች። ጽሑፏን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

በዚያው በ1988 ኦስትሪያዊው ኤሪክ ሺኔገር ሕይወቱን በመጽሐፍ አሳተመ። በ1966 ኤሪካ በሚል ስም በሴቶች ቁልቁለት ስኪ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው፤ ከ1968ቱ የግሬኖብል ኦሊምፒክ በፊት በተደረገው ምርመራ ወንድ መሆኑ ታወቀ። ግዴታው የጾታ ምርመራ በ1999 በኦሊምፒክ ቀርቶ ነበር። የዓለም አትሌቲክስ ግን ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ በጂን ምርመራ መልክ መልሶታል። በአትሌቲክስ ለሚኖር አገር አንባቢ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ኢንተርሴክስ የሚባሉት ክሮሞሶማቸው፣ የመራቢያ እጢያቸው ወይም የመራቢያ አካላቸው በተለመደው የወንድ ወይም የሴት መልክ ሳይሆን የተወለዱ ሰዎች ናቸው። በአማርኛ የቆየው ቃል «ፍናፍንት» ነው፤ ዛሬ ግን ከስድብ ጋር ስለተቀላቀለ ብዙዎች ይሸሹታል። ስንት ናቸው ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ቆጣሪው ይለያያል፦ ባዮሎጂስቷ አን ፋውስቶ ስተርሊንግና ባልደረቦቿ ከመቶ 1.7 ሲሉ፣ ሐኪሙ ሊዮናርድ ሳክስ በ2002 ትርጉሙን አጥብቦ ከመቶ 0.018 ብቻ ነው ብሏል። የልዩነቱ ስፋት ራሱ ብዙ ይናገራል።

የጥንት ጸሐፊዎች ጉዳዩን ያውቁታል። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ሄርማፍሮዲተስን በተረት አነሳው። የአይሁድ ሊቃውንት በታልሙድ፣ የእስልምና የሕግ ሊቃውንትም ስለ ውርስ ሲጽፉ እንዲህ ላለው ሰው ድርሻው ምን ያህል ነው፣ ጸሎት ላይ የሚቆመው ከየትኛው ወገን ነው እያሉ ተከራክረዋል። ከተረቱ ይልቅ የሕግ መጻሕፍቱ የተሻለ ሰብዓዊነት አላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሰውየው በመካከላቸው እንደሚኖር አምነው ነውና የሚጀምሩት። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ጃንደረባ ሆነው ስለተወለዱ ሰዎች የተነገረውንም በዘመናችን ለኢንተርሴክስ ሰዎች መከራከሪያ ያደረጉት አሉ። ደቡብ አፍሪካዊቷ ሳሊ ግሮስ የዶሚኒካን ካህን የነበረች፣ በኋላም በአገሯ የእኩልነት ሕግ ውስጥ ኢንተርሴክስ ሰዎች በስም እንዲካተቱ ከደከሙት አንዷ ናት። በ2014 አርፋለች።

ባለታሪኩ ራሱ የጻፈው ሰነድ ሲፈለግ ሁሉም ወደ ኤርኩሊን ባርቤን ይሄዳል። በ1838 በፈረንሳይ ተወለደች፤ በገዳም ትምህርት ቤቶች ሴት ሆና አደገች፤ መምህርትም ሆነች። ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ፍቅር ያዛት። ሕመም ሲጠናባት ሐኪም አያት፤ ከዚያ በ1860 ፍርድ ቤት በልደት መዝገቡ ላይ የተጻፈውን አርሞ ወንድ ናት አለ፤ ስሟም አቤል ሆነ። በአንድ ቀን ልብሷም ሥራዋም ፍቅሯም ሄደ። በ1868 ፓሪስ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በከሰል ጭስ ራሱን አጥፍቶ ሲገኝ የሕይወት ታሪኩ የእጅ ጽሑፍ አጠገቡ ነበር። ጽሑፉ ሐኪሙ ኦጉስት ታርዲዩ እጅ ገባ፤ እሱም የፈለገውን ቆርጦ አሳተመው። የቀረው ጠፍቷል። ፈላስፋው ሚሼል ፉኮ በ1978 ከሕክምናና ከፍርድ ቤት ሰነዶቹ ጋር መልሶ ባያወጣው ዛሬ ስሙን የሚያነሣ አይኖርም ነበር። ዛሬ የልደቱ ቀን ኖቬምበር 8 የኢንተርሴክስ ሰዎች መታሰቢያ ነው።

ከባርቤን በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ብዕሩ የሐኪሞች ነበር። ከእነሱ ጎን ተጽዕኖው ከሁሉ የበረታው የሥነ ልቦና ባለሙያው ጆን መኒ በ1952 ለሃርቫርድ ያቀረበው የዶክትሬት ጥናት ዛሬ ሲነበብ ያስደንቃል፤ ከ200 የሚበልጡ ታሪኮችን አይቶ አብዛኞቹ ሰዎች ያለ ቀዶ ሕክምናም ደህና ኖረዋል የሚል ነበር። በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲሠራ ግን ሕፃኑን በጊዜ ቀዶ፣ ጾታ መርጦ፣ ምስጢሩን መደበቅ ነው የሚበጀው ወደሚል ምክር ዞረ። በኋላ ዋና ማስረጃ ያደረገው የዊኒፔጉን ዴቪድ ራይመርን ነበር። ዴቪድ ኢንተርሴክስ አልነበረም። በ1966 በግርዛት ጊዜ ብልቱ ተቃጥሎ በመኒ ምክር ብሬንዳ ተብሎ ሴት ልጅ ሆኖ እንዲያድግ የተደረገ ካናዳዊ ነው። ሙከራው ተሳክቷል ተብሎ ለዓመታት ተጻፈ፤ በዚያም ስንት ኢንተርሴክስ ሕፃናት ቢላ ሥር ገቡ። ልጁ በ14 ዓመቱ እውነቱ ሲነገረው ወደ ወንድነቱ ተመለሰ። የቶሮንቶው ተወላጅ ጆን ኮላፒንቶ በ2000 ታሪኩን በመጽሐፍ አወጣው፤ ዴቪድ በ2004 ራሱን አጠፋ። እንደ ጋዜጠኝነት ሥራ የኮላፒንቶን መጽሐፍ የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ አንባቢ ሲዘጋው የሚናደደው በአካሉ ጉዳይ ሳይሆን በውሸቱ ነው።

ልብ ወለዱ ግን አካሉ ላይ ዓይኑን ይተክላል። የጄፍሪ ዩጀኒደስ «ሚድልሴክስ» በ2002 ወጥቶ በተከታዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማትን አሸነፈ። ዩጀኒደስ የባርቤንን ማስታወሻ አንብቦ ሊያውቅ የፈለገውን ስላላገኘበት የራሱን ለመጻፍ ተነሣ። ካል ስቴፋኒደስ የተባለው ተራኪው ሴት ሆኖ በዲትሮይት ያድጋል፤ ቤተሰቡ በ1922 ሰምርኔስ ስትቃጠል የሸሹ ግሪኮች ናቸው፤ አያቶቹ ወንድምና እህት ሆነው የተጋቡ ናቸው። ምርጡ ገጽ ኒው ዮርክ ላይ ያለው ነው። ልጅቷ ሐኪሙ ለወላጆቿ የነገረውንና በፋይሏ የጻፈውን ታወዳድራለች፤ ቤተ መጻሕፍት ገብታ መዝገበ ቃላት ስትገልጥ ቃሉ ወደ «ጭራቅ» ይመራታል። ደካማው ደግሞ ዘረመሉን ከሥጋ ዘመድ ኃጢአት ጋር ማሰሩ ነው፤ የተፈጥሮን ነገር የቤተሰብ እርግማን ያስመስለዋል። ኢንተርሴክስ አንባቢዎች በዚህ መቆጣታቸው ትክክል ነው።

የካናዳው መልስ የካትሊን ዊንተር «አናቤል» ነው። በ2010 ሲወጣ የአገሪቱን ሦስት ታላላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቶች የመጨረሻ እጩነት አገኘ፤ በ2014 ደግሞ በሲቢሲ «ካናዳ ሪድስ» በተባለው የመጻሕፍት ክርክር ተዋናይቷ ሣራ ጋዶን ቆማለት ከቶሮንቶ እስከ ካልጋሪ ያለ አንባቢ አወቀው። ታሪኩ በላብራዶር ጠረፍ ይካሄዳል፤ የሰፈሩ ወንዶች ክረምቱን ጫካ ገብተው ወጥመድ ሲያጠምዱ ይከርማሉ። በ1968 ልጁ ሲወለድ ነገሩን ቀድማ የምታየው አዋላጇ ጎረቤት ቶማሲና ናት። ሐኪሙ ለክቶ ይወስናል፤ አባቱ ትሬድዌይ ወንድ ነው ይላል፤ ስሙ ዌይን ይሆናል። ቶማሲና ግን ውኃ በወሰደባት ልጇ ስም በጆሮው አናቤል ትለዋለች። ዌይን ለምን እንደሚውጠው የማያውቀውን ክኒን እየዋጠ ያድጋል፤ ደማቅ የዋና ልብስ ይመኛል፤ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርቶ ጓደኛው ከሆነች ልጅ ጋር የሚጫወትበትን አባቱ አንድ ቀን ያፈርስበታል።

ትሬድዌይ ክፉ ሰው አይደለም። የዊንተር ትልቁ ችሎታ ይኸው ነው፤ ፈሪ አባት እንዴት ልጁን እየወደደ እንደሚጎዳው ታሳያለች። ከዚያ ግን ልጁን ከራሱ እንዲያረግዝ ታደርገዋለች። በሕክምና ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው፤ ኢንተርሴክስ ተቺዎችም ልብ ወለዱን እዚህ ላይ ነው የሚጥሉት። ደራሲ ፈጠራ ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ፈጠራ አንባቢ እውነት ነው ብሎ ሐኪም ቤት ይዞት ይሄዳል። ደራሲዋ ኡርሱላ ለ ጉዊን በ1969 የጻፈችው የሌላ ፕላኔት ሕዝብ፣ በየወሩ ጾታ የሚለዋወጠው፣ ይህ ችግር የለበትም፤ ጎረቤትህ ነው አላለችህምና።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ብዕሩ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። በ1993 ቸሪል ቼዝ በአሜሪካ የኢንተርሴክስ ማኅበር መሠረተች፤ በኦክቶበር 1996 ቦስተን ላይ የሕፃናት ሐኪሞች ስብሰባ ደጃፍ ሰልፍ ሲደረግ ካናዳዊቷ ሞርጋን ሆምስ ከተሰለፉት አንዷ ነበረች። ቀጥሎ የሕይወት ታሪኮቹ መጡ፦ ሂዳ ቪሎሪያ በ2017፣ ኪምበርሊ ዚሰልማን በ2020፣ ፒጅን ፓጎኒስ በ2023። ቪሎሪያ ቀዶ ሕክምና ያልነካው አካል ይዞ ማደግ ምን እንደሚመስል ይጽፋል፤ ከሦስቱ ደስታ የሚበዛበት የእሱ መጽሐፍ መሆኑ አጋጣሚ አይመስልም። ፓጎኒስ ደግሞ በልጅነቱ ካንሰር እንደነበረበት ተነግሮት አድጎ፣ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ስለ ሌሎች ሰዎች ሲማር የራሱን ታሪክ የለየ ሰው ነው። ዚሰልማን የሕክምና ፋይሏን አስመጥታ ስታነብ ዕድሜዋ ከአርባ አልፎ ነበር።

ሐኪም ዋሽቶ አካል መቁረጡ በኢንተርሴክስ ሰዎች ብቻ የደረሰ አይደለም፤ የካናዳዋ ክፍለ ሀገር አልበርታ ይህን ታውቃለች። በ1944 ካልጋሪ የተወለደችው ሊላኒ ሚዩር በ1959 ሬድ ዲር በነበረው የመንግሥት ተቋም ትርፍ አንጀትሽ ይወጣል ተብላ የማኅፀን ቱቦዋ ተቆረጠ። ከ1928 እስከ 1972 የቆየ የክፍለ ሀገሩ ሕግ ይፈቅደው ነበር። መንግሥትን ከስሳ በ1996 ከ740 ሺህ ዶላር በላይ ተፈረደላት፤ በ2014 ታሪኳን በመጽሐፍ አሳተመች። ሚዩር ኢንተርሴክስ አልነበረችም፤ መጽሐፏን ከፓጎኒስ አጠገብ አስቀምጦ ማንበብ ግን ሁለቱንም ያበራል።

ከአፍሪካ ሰፊ አንባቢ ያገኘው የካስተር ሰሜንያ መጽሐፍ ነው። በ2009 በርሊን ላይ በ18 ዓመቷ 800 ሜትር አሸንፋ ጾታዋ መመርመሩ ለዓለም ሁሉ የተነገረባት ደቡብ አፍሪካዊት፣ በ2023 ባወጣችው የሕይወት ታሪኳ ኢንተርሴክስ የሚለውን መጠሪያ ለራሷ አትቀበልም። ልዩ ሆና የተወለደች ሴት ነኝ ነው የምትለው። በሊምፖፖ መንደሯ ከወንዶች ጋር ኳስ ስትጫወት ሰው እንዳለች ተቀብሏት ነበር።

ካናዳ ውስጥ እስካሁን ሚዛኑ ያጋደለ ነው። ኢንተርሴክስ ያልሆነችው ዊንተር ሦስት ሽልማት ደጃፍ ስትደርስ፣ በልጅነቷ ቀዶ ሕክምና የተደረገባት ሆምስ በ2008 ያወጣችው መጽሐፍ ከዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ብዙም አልራቀም። የካናዳ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 268 የሴት ልጅ ግርዛትን ሲከለክል ለ«መደበኛ» የመራቢያ አካል መልክ ሲባል የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ነፃ ያወጣል፤ የአገሪቱ ኢንተርሴክስ ጸሐፊዎችና ምሁራን ዛሬም የሚሟገቱት በዚህች ንዑስ አንቀጽ ላይ ነው።