ለዋልያ የሚመጣው ዶላር ለምን የእኛን ብር ይጠይቃል?

ለሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ «ይህን ያህል ድጋፍ ተገኘ» ሲባል ብዙዎቻችን «ብሩ የት ገባ?» እንላለን። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ከዚያ በፊት የሚጠየቅ አለ፤ የእኛ ድርሻስ ተመድቧል ወይ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ የጥበቃ ግራንት ሙሉ ወጪ አይሸፍንም። ሰጪው «እኔ ይህን ልቻል፣ እናንተስ?» ይላል። ማቺንግ ፈንድ የሚባለው ይሄ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ስለተመዘገበ አገራችን ከዩኔስኮው የዓለም ቅርስ ፈንድ እርዳታ መጠየቅ ትችላለች። የማመልከቻው በጀት ላይ ግን ከፈንዱ የሚጠየቀውና አገሪቱ የምታዋጣው ለየብቻ ይሞላል። ውዝፍ መዋጮ ያለባት አገር ደግሞ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ ጭራሽ አይፈቀድላትም።

ድርሻ ሲባል ሁልጊዜ ጥሬ ብር አይደለም። በዓይነትም ይቆጠራል፦ የስካውት የሥራ ቀን፣ ነዳጅ፣ ደባርቅ ያለው ቢሮ፣ ገበሬው የሚያዋጣው ጉልበት። ነገር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ድሮም ሲከፈል የነበረን ደሞዝ «አዲስ መዋጮ» ብሎ ማቅረብ በብዙ ሰጪዎች ዘንድ አያስኬድም። የሰዓት ፊርማና የነዳጅ ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ስካውቱ ገደል ለገደል ሲንከራተት ቢከርምም በኦዲተር ዓይን ዜሮ ነው።

ሌላው ጣጣ የቀን መቁጠሪያው ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ግራንቱ ጥር ላይ ቢፈረምና የእኛ ድርሻ በዓመቱ በጀት ባይያዝ፣ ወይ ተጨማሪ በጀት መለመን ነው ወይ ሐምሌን መጠበቅ። ሐምሌ ደግሞ በሰሜን ክረምት ነው፤ ጭቃና ጉም። የመስክ ሥራው ወደ ጥቅምት ይገፋል ማለት ነው። አንድ ዓመት እንዲሁ በዋዛ ያልፋል።

ምንዛሪውም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በምሳሌ እንየው፦ 50 ሺህ ዶላር የሚያህል ድርሻ ቃል የገባ መሥሪያ ቤት 2.85 ሚሊዮን ብር ይበቃው ነበር። በ100 ብር ሂሳብ 5 ሚሊዮን ያስፈልገዋል። መጠባበቂያ ካልያዘ ከየት ያመጣል?

ይህ ሁሉ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ከመሰላችሁ ግጭን አስታውሱ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት በ2016 የግጭ ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ለካሳውም መንግሥት ከራሱ በጀት ብር መድቧል። ገበሬው ቀዬውን ለቆ የከፈለው ዋጋ ግን በየትኛውም የድርሻ ሠንጠረዥ አልተሞላም።

ፓርኩ የፌዴራል ስለሆነ የራሱ ድርሻ የሚያዘው አዲስ አበባ፣ በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በኩል ነው። በዙሪያው ላለው ግጦሽና መንገድ ደግሞ እነ ደባርቅ፣ ጃናሞራና አዲ አርቃይ ወረዳዎች አሉ። በጀት ሲዘጋጅ ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው ተነጋግረዋል ወይ? መጠየቅ የሚሻለው በጀቱ ከመጽደቁ በፊት፣ ሰኔ ሳያልቅ ነው።