በሁለት የባትሪ ድንጋይ የተለካ ታንክ

የፕላስቲክ ታንክ የሚሰበስብ ሰው ቤት ገብቶ መደርደሪያውን ያየ እንግዳ አንድ ቁጥር ከዓይኑ አይጠፋም፤ 1/35። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ የመገጣጠሚያው ወረቀት ላይም አለ። እውነተኛው ታንክ ለ35 ተካፍሎ መሠራቱን የሚናገር ቁጥር ነው። ከነመድፉ 8.66 ሜትር የሚረዝመው የጀርመኑ ፓንተር በዚህ ልክ ሲሠራ 25 ሳንቲሜትር አይሞላም። ለምን 30 ወይም 40 አልሆነም? መልሱን ለማግኘት ከጦር ሜዳም ከሒሳብ መምህርም ዘንድ መሄድ አያስፈልግም። ነገሩ የባትሪ ድንጋይ ነው።

ታሚያ የተባለው ድርጅት በጃፓኗ ሺዙኦካ ከተማ በ1946 ሲቋቋም እንጨት መሰንጠቂያ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቹ ዮሺዮ ታሚያ ከጣውላው ጎን ለጎን የእንጨት ሞዴል መሥራት ጀመሩ፤ በ1953 ደግሞ ጣውላውን ትተው ሙሉ በሙሉ ወደ ሞዴል ዞሩ። ብዙ ሳይቆይ የፕላስቲክ ሞዴል ከውጭ ገባና የእንጨቱን ገበያ ይቀማቸው ጀመር። እነሱም በ1960 ያማቶ የተባለውን የጦር መርከብ በፕላስቲክ ሠርተው አወጡ። ግን ሌላ ድርጅት ያንኑ መርከብ በርካሽ ስላቀረበ ከሰሩ። ቀጥሎ የመጣው ፓንተር ነው።

ፓንተር ለመጀመሪያ ጊዜ የተዋጋው በሐምሌ 1943 በኩርስክ ነው። ናዚ ጀርመን ለሶቭየቱ ቲ-34 መልስ እንዲሆን የሠራችው፣ ወደ 45 ቶን የሚመዝን፣ 75 ሚሊሜትር መድፍ የተሸከመ ታንክ ነው። ብረቱ ጠፍጣፋና ዘመም ያለ ስለሆነ መልኩ በጥቂት መስመር ይገለጣል፤ ሞልድ ለሚቀርጽ ባለሙያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። የታሚያን ፓንተር ካርቶን ሥዕል የሣሉት ሺጌሩ ኮማትሱዛኪ ናቸው። በውስጡ ያለው ሞዴል ግን የልጆች መጫወቻ ነበር፤ ሞተር አለው፣ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ ወለል ላይ ይሄዳል። ለመሄድ ደግሞ ሁለት የባትሪ ድንጋይ ሆዱ ውስጥ መያዝ ነበረበት። ስለዚህ ታንኩ ድንጋዮቹን የሚችል ያህል ተደርጎ ተሠራ። ያኔ ስለ ልክ የተጨነቀ ሰው አልነበረም።

ፓንተር ተሸጠ። የመሥራቹ ልጅ ሹንሳኩ ታሚያ የሌሎች አገሮችን ታንኮችም በዚያው ልክ ለማውጣት ሲያስቡ ሞዴሉን ለኩት፤ የእውነተኛው አንድ ሠላሳ አምስተኛ ግድም ሆኖ ተገኘ። በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ይህንን ሳይደብቁ፣ ቁጥሩ በአጋጣሚ የተገኘና አመቺ ያልሆነ መሆኑን ተናግረዋል። በእርግጥም እንግሊዞችና አሜሪካኖች በጫማና በኢንች ሲያሰሉ የሚቀናቸው 1/32፣ 1/48 ወይም 1/72 ነበር።

መጫወቻው እንዲሄድ መደረጉ ግን በመልኩ ላይ ዋጋ አስከፍሏል። ሞተርና ማርሽ ቦታ ይሻሉ፤ እነሱን ለማስገባት በዚያ ዘመን የአንዳንድ ታንኮች አካል ከልኩ ሰፍቷል፣ ረዝሟል። ሆዱ ለማብሪያ ማጥፊያው ተቀድዷል። ሰንሰለቱ እንዲዞር ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራ ቀበቶ ሆኗል። እውነተኛው የፓንተር ሰንሰለት ከብረት የተሠራ ስለሆነ በክብደቱ ይረግብና ከላይ በመንኮራኩሮቹ ላይ ይተኛል። የመጫወቻው ቀበቶ ግን እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ይቆማል። ለልጅ ይህ ምንም አይደለም፤ የሚፈልገው ታንኩ መጽሐፍ ላይ ወጥቶ እንዲወርድለት ነው።

ገዢው እያደገ መጣ። ቀለም የሚቀባ፣ ፎቶግራፍ እያመሳከረ ብሎን የሚቆጥር አዋቂ ሆነ። ሹንሳኩ ታሚያም ቢሆኑ ልኬት የሚያሳስባቸው ሰው ነበሩ፤ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ አበርዲን የቆሙትን ታንኮች ፎቶ ለማንሳት እዚያ ድረስ ተጉዘዋል። አንድ ጊዜም ለመኪና ሞዴል ብለው እውነተኛ ፖርሽ 911 አስገዝተው አስፈትተዋል። በ1989 ታይገር የተባለው ሌላው የጀርመን ታንክ፣ በ1993 ደግሞ ራሱ ፓንተር ከአዲስ ሞልድ እንደገና ወጣ። ሞተሩ ቀረ፣ የሆዱ ቀዳዳ ተዘጋ፣ አካሉም ትክክለኛ ልኩን አገኘ። በብዙዎቹ የዘመናችን ሞዴሎች ደግሞ ሰንሰለቱ ከጠንካራ ቁርጥራጮች የሚገጠም ሲሆን የረገበው ክፍል እንደረገበ ተቀርጾ ይመጣል።

1/35 ግን አልተነካም። ድንጋዮቹ ወጥተው ሳለ በድንጋዮቹ ምክንያት የመጣው ልክ ቀረ። ለእኔ የዚህ ዲዛይን ትልቁ ብልሃት ይህ ነው። ወደ 1/32 ቢቀይሩት ሒሳቡ ይቀል ነበር፤ ነገር ግን ሰብሳቢው ለዓመታት የደረደረው ሁሉ ከአዲሱ ጎን ሲቆም ድንክ ይሆንበታል። ሞዴል የሚሰበሰበው ለማነጻጸር ጭምር ነው። ፓንተርን ከቲ-34 አጠገብ አቁሞ የቁመታቸውን ልዩነት በዓይን ማየት የሚቻለው በአንድ ልክ ከተሠሩ ብቻ ነው። የጣሊያኑ ኢታለሪ፣ የሆንግ ኮንጉ ድራጎንና የቻይናው ትራምፔተርም ያንኑ ልክ ተከትለዋል። በሰሜን ኢትዮጵያ መንገድ ዳር ዝጎ የቆመውን ቲ-55 ያየ አንባቢም ያንን ታንክ በ1/35 ያገኘዋል፤ ታሚያ ራሱ ሠርቶታል።

ሹንሳኩ ታሚያ በሐምሌ 2025 በ90 ዓመታቸው አርፈዋል። በሞተር ዘመን ከተቀረጹት አንዳንዶቹ ታንኮች ሞተሩ ከቀረ በኋላም ለረጅም ጊዜ ከነቀዳዳቸው ሲሸጡ ኖረዋል። ብዙ ሰብሳቢ እነዚህን ገዝቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ቀዳዳውን በስቱኮ መድፈን ነው። ከእነዚህ አንዱ እጃችሁ ከገባ ከመቀባታችሁ በፊት ገልብጣችሁ ሆዱን እዩት። ማብሪያ ማጥፊያው የነበረበትን ቦታ ታገኛላችሁ። እባካችሁ አትድፈኑት።