ዳዶው ተፈትቶም የማይወጣው ሞዞ

ትሪያምፍ ስፒትፋየር እንግሊዝ አገር፣ ኮቨንትሪ ውስጥ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የተሠራች ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና ናት። የኋላ ጎማዋን ኩሽኔታ ሊቀይር የተነሳ ሰው አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም። ጎማው ወለቀ፣ ታምቡሩ ወጣ፣ ትልቁ ዳዶ ተፈታ፤ ሞዞው ግን ንቅንቅ አይልም።

የያዘው ቅርጹ ነው። የዘንጉ ጫፍ ወደ ውጭ እየቀጠነ ይሄዳል፤ የሞዞው ቀዳዳም በዚያው ልክ ይጠባል። ዛቢያ ዶማ ውስጥ ሲጠብቅ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዳዶው ሲጠብቅ ሞዞው ወደ ወፍራሙ የዘንግ ክፍል ይገፋል፤ የዘንጉ ሾጣጣነት ትንሽ ስለሆነም ዳዶው ከተነሳ በኋላ እንኳ ሰበቃው ብቻውን ይዞ ያስቀረዋል። በዚህ ላይ የአርባና የሃምሳ ዓመት ዝገት ይጨመርበታል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ጠባቡን ክፍተት ይሞላዋል።

ብዙዎች ጎማውን የምታዞረው በዘንጉና በሞዞው መካከል የተሰካችው፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለችው ብረት ትመስላቸዋለች። ዋናውን ጉልበት የሚያስተላልፈው ግን ይኸው የሚያስቸግረን ሰበቃ ነው። ዳዶው ላልቶ ሸክሙ በሙሉ እሷ ላይ ሲወድቅ ትቆረጣለች።

መዶሻ አንስቶ የዘንጉን ጫፍ መቀጥቀጥ ጥርሱን ያበላሻል፤ ምቱም እስከ ዲፈረንሻሉ ይዘልቃል። የሚሻለው በአራቱም የጎማ ቡሎኖች የሚታሰር ወፍራም ፑለር ነው። ጠርዝ ብቻ የሚይዘው ባለ ጥፍሩ ፑለር ሞዞውን ያጣምመዋል። ፑለሩን ወጥሮ መተው፣ ቆይቶ ትንሽ መጨመር፣ ከዚያ የፑለሩን ቡሎን ራስ አንድ ጊዜ መምታት። ሲለቅ እንደ ጥይት ይጮኻል! ዳዶውን በጥቂት ጥርስ መልሶ መተው ያለበት ለዚህ ነው፤ አለዚያ ሞዞው ከነፑለሩ እግር ላይ ይወድቃል።

እሳትም ይረዳል፤ ግን ሞዞው ብቻ ሲሞቅ ነው። 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ቀዳዳ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ የሚሰፋው 0.03 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ያንሳል፣ ግን ይበቃል። ዘንጉም አብሮ ከሞቀ ድካሙ ከንቱ ነው። አጠገቡ ያለው የዘይት ጎሚኒም አይተርፍም። ታምቡሩ ሲወጣም ጥንቃቄ ያሻል፤ የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በትንፋሽ ማራገፍ አይገባም።

ሲመለስ ሁለቱም ፊቶች ንጹሕና ደረቅ ይሁኑ። ያቺ ትንሽ ብረት ከማረፊያዋ ተነስታ ከቆመች ሞዞው እሷ ላይ ይቀመጥና ሾጣጣው አይነካካም። ዳዶው ውስጡ ባለው ናይለን የሚይዝ ስለሆነ አዲስ ይግባ፤ የመጨረሻውን ማጥበቅ ደግሞ ጎማው መሬት ነክቶ ሳለ፣ በመመሪያው መጽሐፍ ልክ አድርጉት። ጥቂት ከነዳችሁ በኋላ ቁልፉን እንደገና አሳርፉበት። ዳዶው ከዞረ ሞዞው ገና አልተቀመጠም ማለት ነው።